ጠመኔ ነው እላቸዋለሁ

1ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

የቆዳ ሐኪሟ «ይጻፉ» ስላለችኝ ነው። ወድጄ አይደለም። የባሰበትን ቀን፣ የተሻለበትን ቀን፣ በዚያ ቀን ምን እንደነበረ። አሥር ሳምንት ጽፈው ይዘውልኝ ይምጡ አለች። ጽሕፈት ይከብደኛል። ፊደል ያስቆጠረችኝ ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና፤ እሱም የደንበኛ ስም እንዳላምታታ ያህል ነው። በቁጥር ግን ማንም አይቀድመኝም። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ስለዚህ በልኬት ደብተሬ ከጀርባው በኩል ጀመርኩ። ከፊት የሰው ደረትና ትከሻ፣ ከኋላ የኔ ጉድ።

ልኬት። ግራ ክርን 7 በ 5። ቀኝ ክርን 6 በ 4። ግራ ጉልበት 9 በ 6። ቀኝ ጉልበት 4 በ 4። ራስ ላይ ከጆሮ ከፍ ብሎ አለ፤ ጸጉር ስላለበት በሜትር አይያዝም። ጀርባዬ ላይም አለ። የራስ ጀርባ አይለካም፣ ሰው ይፈልጋል። ተውኩት።

3ኛ ቀን፣ ሐሙስ

ያለችኝን እንዳልረሳው ልጻፈው።

ስሙ ሶሪያሲስ ነው። ሦስቴ አስደገምኳት። ቆዳ የሚሠራው ከሥር ነው አለች። አዲሱ ከሥር ተሠርቶ ላይ እስኪደርስ ወር ገደማ ይፈጅበታል። የኔ ግን በጥቂት ቀን ነው የሚወጣው፣ ሳይበስል። አሮጌው ሳይራገፍ አዲሱ ይመጣበታል፣ ይደራረባል፣ ይቀላል፣ ነጭ ሆኖ ይፈረፈራል።

«ቆዳዎ ቸኩሏል» አለችኝ።

«እኔ በሕይወቴ ቸኩዬ አላውቅም። ደንበኞቼን ጠይቂ» አልኳት።

ሳቀች። የኔን ልጅ ታክላለች፤ አንቺ ስላት አልተቆጣችም። መጀመሪያ ያወቀችው በጥፍሬ ነው። ጥፍሬ መርፌ እንደምንገፋበት የብረት ጣት ቆብ ተበሳስቷል። እኔ ከሥራ ብዛት ይመስለኝ ነበር።

ጨርሶ አይድንም። ይተኛል፣ ደግሞ ይነሳል። ቅባት ጠዋትና ማታ። ማከክ ክልክል። ብርድና ደረቅ አየር ያብሰዋል፣ ሐሳብም ያብሰዋል አለች። ሐሳብ የለብኝም አልኳት።

ወደ ሰው አይተላለፍም አለች። ይህን ሳልጠይቃት ነው ያለችው። ሐኪም መቼም በሽተኛ እንዳይደነግጥ የማይለው የለም።

ስለ በሽታው የሚያስረዳ ወረቀትም ሰጥታኛለች። ፊደሉ ጥቃቅን ነው፤ ለሰው ሰጥቼ አላስነብበው። የስፌት መኪናዬ አንድ እግሩ ስለሚወዛወዝ አራት አጥፌ ከሥሩ አስገባሁት። መኪናው ጸጥ አለ።

6ኛ ቀን፣ እሑድ

ልጄ ቤት ነበርኩ። ከወለደች አራት ወሯ ነው። ሕፃኗ ሴት ናት። እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ሕፃኗን ይዛ መጣች፤ ጸጉሯን እንደ ሁልጊዜው ጆሮዋ ላይ ለቃዋለች።

«እስኪ ያዛት፣ አባባ።»

«እጄ ንጹሕ አይደለም።»

«ውሃ አለ፤ ታጠብ።»

«ወገቤን ይዞኛል።»

«ቁጭ ብለህ ነው የምትይዛት። ተሸክመሃት ገበያ ውረድ አላልኩህም።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ትንሽ ቆማ ይዛት ተመለሰች።

ከምሳ በኋላ የኋለኛውን ክፍል ከፍታ አሳየችኝ። ቀለም አስቀብተውታል። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ለመኪና የሚሆን ብርሃን አለው። አልጋህንም መኪናህንም እናምጣ፣ እዚሁ ስፋ፣ እኔ ሥራ ስመለስ ልጅቱን በዓይንህ ታይልኛለህ አለችኝ። ይህን ስትለኝ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው።

«የራሴ ቤት አለኝ» አልኳት።

«ሦስተኛ አልጠይቅህም።»

ጫማዬን ሳስር ወጥ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ባሏ ሹፌር ነው፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ማንሾካሾክ አይችልበትም።

«አባትሽ ልጄን አልወደዷትም።»

«እሷን ብቻ መሰለህ? እኔን ራሴን ካቀፈኝ ስንት ዓመቱ። እንደዛ ነው የሱ ነገር።»

ጫማዬን አስሬ ወጣሁ። ማታ ክርኔ አሳከከኝ፣ ደማ። በዕለቱ የነበረ ነገር፦ እሑድ ነበረ።

9ኛ ቀን፣ ረቡዕ

ሥራ በዝቷል። አራት ጥቁር ኮት፣ ለሆቴል አስተናጋጆች። ጥቁር ጨርቅ ጠላቴ ነው። አንዱ ሊሞክር መጣ። ትከሻው ላይ ነጭ ነገር አየ። ጠመኔ ነው አልኩት። በብሩሽ ጠረግሁለት። አመነ።

10ኛ ቀን፣ ሐሙስ

ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ነው እላቸዋለሁ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ባልፈጠር ምን እላቸው ነበር። ዳቦ ጋጋሪ ብሆን ዱቄት ነው እል ነበር መቼም። ጫኝና አውራጅ ብሆን ግን አልቆልኝ ነበር።

ዛሬ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው መጣ። በሁሉ ነገር ስለሚከራከር ሰፈሩ ጠበቃው ይለዋል። ጥፍሬን አይቶ ሐኪም ቤት ጎትቶ የወሰደኝም እሱ ነው። ጠረጴዛዬን አየና፣

«ምንድን ነው ይሄ ነጭ ነገር?» አለ።

«ጠመኔ ነው።»

«የምትቆርጠው ነጭ ጨርቅ ነው። እጅህ ላይ ያለው ጠመኔ ሰማያዊ ነው። እስቲ ነጩ ከየት መጣ?»

«ከሰማይ።»

«በለው። የሸሚዝህን እጅጌ እንኳ አጥፈህ አታውቅም። በዚህ ሙቀት የቀረህ ክራቫት ብቻ ነው።»

ሳልስቅ ቀረሁ። አልከፋውም።

14ኛ ቀን፣ ሰኞ

ሐኪሟ መቼ እንደጀመረ ይጻፉ ብላኛለች፤ ስለሱ እስካሁን አልጻፍኩም።

ወጣት ሳለሁ ሥራ የለመድኩበት ቤት ስድስት ነበርን። ከመካከላችን አንዱ ልብስ ተኳሽ ነበር፤ ረጅሙ ነበር የምንለው። ዝምተኛ ሰው። በጋለ ካውያ ፊት ቆሞ እጅጌውን ሰብስቦ አያውቅም። አንድ ቀን ውሃ ደፋበትና እጅጌውን አጠፈ። ክርኑ ላይ ቀይ ነገር፣ ከላዩ ነጭ ቅርፊት። ያየሁት እኔ ነኝ። በማግሥቱ አለቃችን ይጋባል፣ ይውጣልኝ አለ። ለአለቃችን የነገረው ከሠራተኞቹ አንዱ ነው። ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሐኪሟ የጠየቀችኝ ስለ ቆዳ ነው።

ይቀመጥበት የነበረውን በርጩማ ወደ ውጭ ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። ሌሎቹ በእንጨት ግፋው አሉኝ። ቸኩዬ በእጄ ያዝኩት።

ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ክርኔ ላይ የሳንቲም ያህል ወጣ። ከዚያ በርጩማ ነው። ስለዚህ ይጋባል ማለት ነው። ሐኪሟ ይህን አታውቅም።

18ኛ ቀን፣ ዓርብ

ካውያ እጄን ነካኝ ባለፈው ሳምንት። ቁስሉ ደረቀ። በሱ ቦታ አዲስ ወጣ፣ የካውያውን ጫፍ ቅርጽ ይዞ፣ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ሐኪሟ ቆዳ የተጎዳበት ቦታ ላይ ሊወጣ ይችላል ብላ ነበር። ልክ ነች፣ በዚህ።

3 በ 2።

21ኛ ቀን፣ ሰኞ

ግራ ክርን 9 በ 6። ቀኝ 7 በ 5። ጉልበት ሁለቱም ደምቷል። ራሴን እንዳላከው ኮፍያ አድርጌ ዋልኩ። መጻፍ ከጀመርኩ እንዲህ ብሶብኝ አያውቅም።

በዕለቱ የነበረ ነገር፦ ምንም። ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት የሞላበት ቀን ነው። ሌላ ምንም አልነበረም። አየሩም ደረቅ ነው።

እጄ ሥራ ስላልያዘልኝ የሷን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በግድግዳው በኩል ጎድጉዷል። በውጭ በኩል እንደ አዲስ ነው። ብቻዋን የምትተኛበት አልጋ ሆኖ ለምን መሃል ላይ አልተኛችም። እስኪመሽ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። መልሼ አነጠፍኩት።

27ኛ ቀን፣ እሑድ

ልጄ ቤት አልሄድኩም። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ በስልክ ነገርኳት። «እሺ» አለች። ብቻ እሺ። ሌላ ጊዜ ትጨቃጨቀኝ ነበር።

36ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እስከ ረፋድ የማይታሰብ ነው። የቀኝ እጄ መሃል ጣት እንደ ቋሊማ አብጧል። ነገ እሄዳለሁ።

37ኛ ቀን፣ ረቡዕ

ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮዬ ሳይደርስ ሄድኩ። መገጣጠሚያ ካበጠዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ ብላኝ ስለነበር ነው። ከቆዳው ጋር አብሮ የሚመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሳይሆን አይቀርም አለች። ቢዘገዩ ጣትዎ እንደታጠፈ ወይ እንደተገተረ ይቀር ነበር አለች። ደም ሰጠሁ፣ ክኒን ሰጠችኝ።

ጣቶቼን አንድ በአንድ በባዶ እጇ ያዘቻቸው።

«ጓንት አድርጊ እንጂ» አልኳት።

«ለምን?»

የረጅሙን ነገር ነገርኳት። በርጩማውን። ማን ለአለቃችን እንደነገረው አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ሰምታ ስትጨርስ፣

«አባት፣ ስንት ዓመት በትዳር ኖሩ?» አለችኝ።

«ሠላሳ አራት።»

«ባለቤትዎ ላይ ወጣ?»

«አልወጣም።»

«አንዴ በርጩማ በመንካት የሚያዝ ነገር፣ ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ እሷን አልያዘም?»

«ስለተጠነቀቅሁ ነው። ሲሰፋብኝ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ሥራ በዛ አልኳት።»

«ስንት ዓመት?»

«እስክትሞት። አሥራ አንድ።»

የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠች። ጣቴን ግን አልለቀቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አይተላለፍም፣ አባት» አለች። መጀመሪያ ካለችኝ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

38ኛ ቀን፣ ሐሙስ

ሐኪሟ ተሳስታ ሊሆን ይችላል። ገና ልጅ ናት። ትክክል ከሆነች አሥራ አንዱ ዓመት

ተውኩት። ደንበኛ መጣ።

41ኛ ቀን፣ እሑድ

ዛሬም አልሄድኩም። ጣቶቼ ትንሽ ተሽሏቸዋል። ክኒኑ ይሆናል።

የደብተሩን ፊት ገለበጥኩ። የድሮዎቹን ስሞች የጻፈችው ባለቤቴ ናት፤ ቁጥሩ የኔ ነው። አንድ ቦታ ላይ የራሷን ስም ጽፋ ልኬቱን ባዶ ትታዋለች። ቀሚስ ልሰፋላት ቃል ገብቼ ነበር። ለመለካት መቅረብ ነበረብኝ። ሥራ በዛ አልኩ።

52ኛ ቀን፣ ሐሙስ

ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ። ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ረፋድ ላይ ልጄ መጣች፣ ሕፃኗን አዝላ። አልተቀመጠችም። ኮት እየሰፋሁ ነበር።

«ልነግርህ ነው የመጣሁት። ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ሞግዚት አግኝተናል። ክፍሉን ለሷ ልንሰጣት ነው።»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው?»

«ሰው መኖሩ ጥሩ ነው።»

ልትወጣ ዞረች። ዞራ ቆመች።

«መኪናህ ለምንድን ነው የማይወዛወዘው? ከልጅነቴ ጀምሮ ጧ ጧ ሲል ነው የማውቀው።»

መልስ ሳልሰጥ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ከሥሩ ጎትታ አወጣችው። መኪናው ጧ አለ። ዘረጋችው። ከላይ የተጻፈውን አየች፤ እኔን አየችኝ። እኔ ስፌቴን ቀጠልኩ። መኪናው እየተወዛወዘ መስመሩ ጠመመብኝ።

«እጅጌህን እጠፈው፣ አባባ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«እጠፈው አልኩህ።»

እንደ እናቷ ነው ያለችው። አጠፍኩት። እኔ ሱቅ ሊለካ የመጣ ሁሉ ልብሱን ያወልቃል፤ እኔ በሰው ፊት እጅጌዬን ስሰበስብ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አየችው። አልደነገጠችም። ፈንጠር ብላ ትቆማለች ብዬ ነበር፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ጸጉሯን ሰብስባ ጆሮዋን አሳየችኝ። ከጆሮዋ ጀርባ ቀይ ነው፤ ከላዩ ነጭ ቅርፊት። 3 በ 2 ይሆናል።

«ከኔ ነው የያዘሽ» አልኩ። 

«አልያዘኝም። ዘር ነው። ይኸው ተጽፎልህ» አለችና በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በመነካካት፣ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት። ቤተሰብ ውስጥ ግን በዘር ሊኖር ይችላል። «ዓይኔንም ከአንተ ነው የወሰድኩት፤ ለሱ ይቅርታ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«መቼ ወጣብሽ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ። እናቴ ናት ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። ሐኪሙ ከቤተሰብ ይህ ያለበት ማን ነው አላት። ማንም የለም አለችው። ስንወጣ መንገድ ላይ ቆመች። ቆማ ቆማ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛው ለካ ለዚህ ነው አለች።»

እኔ ጠረጴዛ ላይ መተኛት ከጀመርኩ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቆጠርኩት። ዘጠኝ ዓመት አውቃ ኖራለች።

«አውቃ ለምን አልነገረችኝም?»

«ሁለቴ ወደ አልጋህ ና ብዬዋለሁ፣ ሁለቴ ሥራ በዛ ብሎኛል፤ ራሱ ይንገረኝ እንጂ ሦስተኛ አልጠይቀውም አለች። እኔንም አስማለችኝ። ቦታውን እተውለታለሁ፣ ሲገባው ይመጣል አለች።»

ያን ጊዜ ነው ፍራሹ የገባኝ።

  ኮቱን ከመኪናው አወጣሁና የጠመመውን መስመር ፈታሁ። ልጄ ሳትሄድ ጠበቀችኝ። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ነቅታ በትከሻዋ አሻግራ ታየኝ ነበር። ፈትቼ ስጨርስ፣

«ሞግዚቷ ሌላ ክፍል አይበቃትም?» አልኳት።

«ትመላለሳለች፤ ቤቷ ቅርብ ነው» አለች። ወረቀቱን እያጠፈች፣ «ይሄ እሺ ማለት ነው?»

«መኪናው ከባድ ነው። ባልሽ ይምጣ።»

55ኛ ቀን፣ እሑድ

የልጄ ባል ከጠበቃው ጋር ሆነው ጫኑ። ጠበቃው መኪናው በየት በኩል ይነሳ በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከረ። እጅጌዬን አጥፌ ቆሜ ነበር። አየ።

«እንግዲህ ጠመኔው ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት አብሬህ ምሳ በልቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደብቀህ። እኔ የምለው፣ ያመመኝ ጊዜ አንተ ነህ ያስታመምከኝ፤ እኔ ያኔ ደበቅኩህ?»

ክርክሩ ልክ አልነበረም፤ ረታኝ ግን። ለጭነቱ ልብስ በነጻ ልስፋልህ ብለው፣ ውለታዬን ልትከፍል ነው፣ ኩራት ነው አለና አኮረፈ። ሲሄድ ክርኔን ያዝ አድርጎኝ ነው የሄደው።

መቁረጫ ጠረጴዛውን ለሱ ተውኩለት። አልጋውን ከነፍራሹ አመጣነው።

57ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ልጄ ሥራ ሄደች። ሞግዚቷ ልብስ ታሰጣለች። ሕፃኗ አለቀሰች። ማንም ስላልነበረ አነሳኋት። ከበደችኝ፤ ከጨርቅ ጥቅል የበለጠ ትወራጫለች። እጄ ላይ ያለውን ቅርፊት በጣቷ ቆነጠረችው። ዝም አልኳት።

ልኬት፣ ለቀሚስ። ቁመት 63። ደረት 42። ክንድ 19። ሁለቴ ለካኋት፤ አንዴ ይበቃ ነበር።

70ኛ ቀን፣ ሰኞ

ነገ ደብተሩን ለሐኪሟ እወስዳለሁ። በ14ኛው ቀን ያልጻፍኩትን ልጻፍላት፤ የረጅሙን ነገር ለአለቃችን የነገርኩት እኔ ነኝ።

ልኬት። ግራ ክርን 5 በ 3። ቀኝ 4 በ 3። ግራ ጉልበት 8 በ 6፣ እንደነበረው ማለት ይቻላል። ጣት ደህና ነው። ጀርባ 12 በ 8። የለካችው ልጄ ናት። ሜትሩን አጥብቃ ስለያዘች እውነተኛው አንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ይሆናል፤ ይህን ነገርኳት፣ «አንተ ነህ የተነቃነቅከው» አለችኝ።

ነጭ ነገር የሕፃኗ ትከሻ ላይ ወደቀ። ልጄ አየችው። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም፣ እኔም ጠመኔ ነው አላልኩም። እፍ አለችው።

በዕለቱ የነበረ ነገር፦ ከመጣሁ ጀምሮ አልጋው ላይ ነው የምተኛው። ልጄ ፍራሹ ይለወጥልህ ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ። በውጭ በኩል እተኛለሁ። ይጠነክራል፤ ማንም አልተኛበትም።